የጡሩንባው ጉሮሮ

ሃምሳ አለቃ ሰጠኝ ሌሊቱን በበቅሎ ሲጓዝ አድሮ ከኩልመስክ ላሊበላ የገባው ዓርብ ማለዳ ነው። ጊዜው ጥቅምት 1970 ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ሲሞት «ማን ገደለው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ገዳይ ራሱ በአደባባይ ያውጃላ! ለአንድ ራዲዮ ጠጋኝ ሞት መርማሪ መጠራቱ እሱንም ገርሞታል። የቤተ ማርያም ካህናት ገዳይ ተብሎ ስለታሰረው ዲያቆናቸው ሐሙስ ማታውኑ አውራጃ ድረስ ስልክ ደውለው «ልጃችን በግፍ ሊገደል ነው» ብለው ባይማጸኑ ኖሮ ማንም አይልከውም ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዘውገ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሽጉጡን ከሆዱ ላይ የሻጠ፣ ሲናገር ሰው የማያይ ሰው ነው።

«በከንቱ ደከምክ፣ ሃምሳ አለቃ። ገዳዩ ተይዟል። ነገ ገበያተኛው ፊት አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል።»

«በስንት ሰዓት?»

«አራት ሰዓት ላይ። ገበያው ሞቅ ሲል።»

ሰጠኝ መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አሻገረ። ግራ ጆሮው ከወታደርነቱ ዘመን ጀምሮ አይሰማም፤ ስለዚህ ሰው ሲያናግረው ቀኙን ያስጠጋል። ይህን ያየ ሁሉ ደንቆሮ ነው ብሎ ይንቀዋል፤ እሱም ንቀቱን አይጠላውም።

«እንግዲያው እስከ አራት ሰዓት ልጁ የኔ ነው» አለ። «አሁን ሬሳውን አሳየኝ።»

የሟቹ የራዲዮ ጠጋኙ የውቤ መሥሪያ ቤት ከቀበሌው አዳራሽ ጎን ያለች አንዲት ክፍል ናት። ውቤ ከጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ መዶሻ ከራስጌው ወድቆ፣ ግንባሩ ተሰንጥቆ ተኝቷል። ሰጠኝ ተንበርክኮ መሬቱን በመዳፉ ዳሰሰ።

«ደሙ የት ሄደ?»

«የምን ደም?»

«ግንባሩ ሲፈነከት የፈሰሰው። በሕይወት ያለ ሰው ሲመታ ይደማል፣ ጓድ። ይሄ መዶሻ የመታው ሬሳ ነው።»

ዘውገ ትከሻውን ነቀነቀ። ሰጠኝ የሟቹን ከንፈር ገለጥ አደረገ። ውቤ ፍንጭት ነበር፤ ከፊት ጥርሶቹ መሃል ቢጫ ነገር ተሰክቷል። በመፋቂያው ጫፍ አውጥቶ በጣቶቹ መሃል ጨመቀው፤ ለቀቀው፤ ተመልሶ ተነፋ። ስፖንጅ ነው። በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና መፋቂያውን ወርውሮ ከደረት ኪሱ ሌላ አወጣ።

ከሟቹ ኮት ኪስ ደግሞ የታጠፈ ወረቀት ተገኘ። ለእናት አገር ጥሪ የሚዘምቱ የአሥራ ሁለት ሰዎች ስም ዝርዝር ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ በጡሩንባ ሊነበብ የተዘጋጀ። አሥራ አንዱ በቀበሌው ማኅተምና ቀለም ተጽፏል። አሥራ ሁለተኛው ግን በሌላ እጅ፣ በእርሳስ ነው። ሰጠኝ ጠረጴዛው ላይ ካለው የውቤ የሥራ ደብተር ጋር አስተያየውና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«በል እስቲ፣ ሐሙስ የሆነውን ንገረኝ» አለ።

ዘውገ ነገረው። ውቤ ከዘይት ቆርቆሮ የድምፅ ማጉያ ጡሩንባ እየሠራ አደባባዩ ላይ የሰቀለ፣ አዋጁንም በራሱ ድምፅ የሚያነብ ሰው ነበር። ሐሙስ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሕዝቡ ሁሉ ለስብሰባ አዳራሽ ገባ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከውጭ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ውቤ ነኝ፤ ይሰማል ወይ?» የሚል ድምፅ በጡሩንባው ተሰማ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጩኸት ሆነ፤ ቢሮጡ የቤተ ማርያሙን ዲያቆን ገብረመስቀልን ሬሳው ላይ ተንበርክኮ አገኙት።

«ከሱ በቀር ከአዳራሹ ውጭ የነበረ የለም። ደግሞም ዝቷል። 'ይሄን ጡሩንባ አንድ ቀን ጉሮሮውን እዘጋዋለሁ' ሲል ሃያ ሰው ሰምቶታል።»

«አንተስ? ረቡዕ ውቤን በጥፊ መትተኸዋል ይባላል።»

«መታሁት። ጡሩንባው ሲያንቋርር የአብዮቱን ቃል መሳቂያ አደረገው! ለቅዳሜ አስተካክል አልኩት።» ዘውገ አላፈረም። «በጥፊ የመታሁትን ሁሉ ብገድል ኖሮ ቀበሌው ባዶ ይቀር ነበር።»

ዲያቆኑን ያሠሩት እህል ማከማቻው ውስጥ ነው። ውስጥ እግሩን ገርፈውት መቆም አልቻለም፤ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ሰጠኝ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። የጠባቂዎቹን እናት በልቡ ረገመ።

«ጡሩንባውን ጠላሁት እንጂ ውቤን አልጠላሁትም፣ አባቴ» አለ ልጁ። «በቅዳሴ ሰዓት ይጮህብን ነበር። ሐሙስ ቀትር ላይ ግን ጠርቶ አሰማኝ። ቆርቆሮው ራሱ ስለሚጮህ ነው ድምፁ የሚበላሸው አለኝ። ጉሮሮው ውስጥ ሁለት ጣት የሚሆን ስፖንጅ ሲያለብሰው የቆርቆሮው ጩኸት ተዋጠ፤ የሰው ድምፅ ብቻ ቀረ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።»

«ከዚያስ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ድሮው አንቋረረ! ተናድጄ ልጠይቀው ሄድኩ። ገብቼ እጁን ስይዘው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ብናገር ማን ይመነኝ?»

«ሌላ የሰማኸው አለ?»

ልጁ አመነታ። «ብነግርዎት ይስቁብኛል።»

«እኔ ደንቆሮ ነኝ። የሰማ ሰው የነገረኝን ካላመንኩ ምን እበላለሁ?»

«ከውቤ ድምፅ ኋላ፣ ከጡሩንባው ውስጥ፣ የኛ ደወል ይሰማ ነበር። ደዋዩ እኔ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ለቅዳሴ እደውላለሁ፤ ሐሙስ ግን ቅዳሴው በጠዋት ነው የሚያልቀው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አልደወልኩም። ጆሮዬ ነው ብዬ ተውኩት።»

ሰጠኝ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ይህን የሚያደርገው ነገር ሲገባው ነው።

ከዚያ ወደ አደባባዩ ወጣ። የቀበሌው ዘበኛ ወልደ ጊዮርጊስ መሰላል አምጥቶ ደገፈለት። ጡሩንባው ውስጥ እጁን ሰደደ፤ ስፖንጁ በሰም በታሸ ክር ዙሪያውን ተሰፍቶ እንዳለ ነው፤ አንድ ስፌት አልተነካም። ወርዶ ዘውገን በማይክራፎኑ እንዲናገር አዘዘው። «አብዮታዊት ኢትዮጵያ ወይም ሞት!» የሚለው ቃል ጥርት ብሎ፣ ለስልሶ፣ ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር ድረስ ተሰማ።

«ወልደ ጊዮርጊስ፣ ሐሙስ ይሄ መሰላል የት ነበር?»

«አዳራሽ ውስጥ ነዋ፣ ጌታው። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ቀዩን ጨርቅ እንሰቅልበት ነበር። በከተማው ደግሞ ይህን ያህል የሚረዝም ሌላ መሰላል የለም።»

«ስለዚህ ስፖንጁን ያወጣውም የመለሰውም የለም።»

«በምን ይወጣል? በክንፍ?»

«ሬሳው የተገኘ ጊዜ መጀመሪያ የገባው ማነው?»

«ሁላችንም አንድ ላይ። ሚስቱ ግን አንጀቴን በላችው። እያለቀሰች መጀመሪያ ጡሩንባው የሚሠራበትን መሣሪያ አጠፋችው፤ 'ባትሪው እንዳያልቅ' ብላ። ባሏ ሞቶ ለባትሪው! ባለሙያ ሴት ናት።»

ስፖንጁን ለውቤ የሰጠችው የከተማው ሆቴል አልጋ አንጣፊ ስሜነሽ ናት። ከውቤ ጋር ትታማ ነበር፤ ስለዚህ መርማሪ ሲመጣባት ገና ከሩቅ ተቆጣች።

«ፍራሽ ብሰጠው ፍራሽ ነው! አንድ ክንድ ተኩል ስፖንጅ፣ ከተቀደደ ፍራሽ ቆርጬ። ሌላ ምን ልሰጠው ኖሯል?»

«እኔ ሌላ አላልኩም። ከጡሩንባው የተረፈው የት ደረሰ?»

«ትራስ አድርጎት ከጠረጴዛው ሥር ቀን ቀን ይተኛበት ነበር።»

«አሁን የለም።»

«ታዲያ ማን ይተወዋል? እዚህ አገር ስፖንጅ ወድቆ አያድርም።» ድምፅዋ በረድ አለ። «ቀትር ላይ ሰምቼው እንደ ማር ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሽ ሆኜ ስሰማው ግን እንደ ጥንቱ እንደ ፍየል ጮኸ። አፈርኩ። በኔ ስፖንጅ ነው እንዲህ የሚጮኸው አልኩ።»

የሟቹ ሚስት እታገኘሁ ለለቀስተኛው ውሃ ቀድታ ስትመጣ ከደጅ አገኛት። ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ቃሏ ጥቂት የሆነ ሴት ናት። እንስራውን ከጀርባዋ አውርዳ ድንጋይ ላይ አስቀመጠች፤ ከእንስራው ሥር ጀርባዋ ላይ ያደረገችው፣ በአሮጌ ነጠላ የተሰፋ መደላድል ተጨፍልቆ ነበር፤ እያየው ቀስ ብሎ ተነፋ። ሰጠኝ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ።»

«አሜን።»

«ከባለቤትዎ መቼ ተለያዩ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ምሳውን አበላሁት፣ አረቄ ቀመሰ፣ ተኛ። ውሃ ቀድቼ ስብሰባ ገባሁ።»

«ድምፁን በካሴት ይቀዳ ነበር አሉ።»

«ዘወትር። አደባባዩ ላይ ቴፑን አስቀምጦ ጡሩንባውን ይቀዳና፣ ኋላ ተመልሶ እየሰማ ይስቃል። ሁልጊዜ የካሴቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀዳው፤ ፊተኛው ባዶ ነው፤ ያንን ሁሉ ባዶ አብሬው ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። ካሴቶቹን መች እለያቸዋለሁ፤ ለኔ ሁሉም አንድ ናቸው።»

«ልጆችስ?»

«ከፊተኛው ባሌ ሁለት ነበሩኝ። አለሜን ሰኔ ላይ ጠሩት። መስከረም ላይ ሞተ አሉን።»

«ማን ጠራው?»

«ጡሩንባው» አለች። የታናሹን ስም አልጠራችም፤ እንስራዋን አዝላ ሄደች።

ሰጠኝ ወደ ውቤ ክፍል ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የካሴት ማኅደር አለ። አንዱ ላይ «ዕዝል» ተጽፏል፤ ካሴቱም ውስጡ ነው። ሌላው ላይ «ግዕዝ» ተጽፏል፤ ባዶ ነው። ዲያቆኑ ዘንድ ሄዶ ጠየቀው።

«ውቤ ድሮ ዜማ ተማሪ ነበር» አለ ልጁ። «ግዕዝ ደረቅ ዜማ ነው፤ ዕዝል ለስላሳ። ጡሩንባውን ከስፖንጁ በፊት ረቡዕ ቀዳው፤ ከስፖንጁ በኋላ ሐሙስ ቀትር ላይ። ሊያስተያያቸው ነበር።»

ወዲያው የዓርቡ ደወል ከቤተ ማርያም ተሰማ። በልጁ ፋንታ ሌላ ሰው ነው የሚደውለው። ልጁ አለቀሰ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ዘውገ፣ ስሜነሽ፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ካህናቱ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ የመጣው ዲያቆን፣ ውሃ ይዛ የገባችው እታገኘሁ። ከውጭ ገበያተኛው ይንጫጫል። ዘውገ ሰዓቱን አየ።

«ፍጠን፣ ሃምሳ አለቃ።»

ሰጠኝ ከመሃል ቆመ። «ቀትር ላይ ጡሩንባው ለሰለሰ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንቋረረ። በመሃል መሰላሉ እዚህ ነበር፤ ስፖንጁን የነካው የለም። ታዲያ ስፖንጅ የለበሰ ጡሩንባ እንዴት ያንቋርራል? ትናንት ማታ ሞከርኩት። ስፖንጁን አወጣሁ፤ ወልደ ጊዮርጊስን አናገርኩ፤ ከአደባባዩ ቀዳሁት። ስፖንጁን መልሼ ካሴቱን አሰማሁ። ምን ሆነ ወልደ ጊዮርጊስ?»

«በስፖንጁ ውስጥ አንቋረርኩ!» አለ ዘበኛው።

«አዎ። ስፖንጅ የቆርቆሮውን ጩኸት ይውጣል እንጂ ካሴቱ ውስጥ ያለውን አይውጥም። ሐሙስ የሰማችሁት ውቤን አይደለም፤ የረቡዕ ካሴቱን ነው። ለዚህ ነው ዲያቆኑ ከድምፁ ኋላ ደወል የሰማው። ሐሙስ ያልተደወለ ደወል፣ ረቡዕ ራሱ የደወለው።»

ካህናቱ አማተቡ።

«ስለዚህ ድምፁ ሲሰማ ውቤ ሞቷል። እጁ ቀዝቅዞ ነበር፤ ግንባሩም አልደማም። መዶሻው የኋላ ነው፤ ጉልበተኛ ወንድ የገደለው እንዲመስል። የገደለው ስፖንጅ ነው፤ ጥርሱ መሃል ቀርቷል። የካሴቱ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል ባዶ ስለሆነ ገዳዩ ከጡሩንባው ጋር በተያያዘው ቴፕ ከፍቶት፣ ቀስ ብሎ ከሁላችሁ ጋር እዚህ ገብቶ ተቀመጠ። የቀረው ካሴቱን ማውጣት ነው። ለዚህ ደግሞ መሣሪያውን ቀድሞ የነካው ማን እንደሆነ ወልደ ጊዮርጊስ ነግሮኛል።»

ማንም ወደሷ አልዞረም። እሷም አልተንቀሳቀሰችም።

«ሁለት ካሴት ነበር። ለስላሳውን አጫውቶ ቢሆን እኔም አልደርስበትም ነበር። ማንበብ የሚችል፣ ማኅደሩ ላይ ያለውን ያውቅ ነበር። ለዚያ ሰው ግን ካሴት ሁሉ አንድ ነው።» ሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ እታገኘሁ፣ እንስራውን ያውርዱ።»

አወረደች። መደላድሉን ተቀብሎ ስፌቱን በሰንጢ ቀደደው። ከነጠላው ውስጥ ቢጫ ስፖንጅ ወጣ። አንዱ ጎኑ ተነክሷል፤ የላይኛው ጥርስ አሻራ መሃል ላይ እንደ ውቤ ፍንጭት ክፍተት አለ። ስሜነሽ አፏን በእጇ ያዘች።

«በሐሙስ ስብሰባ ይህን አዝለሽ ውሃ ስታድዪን ነበር?» አለች ስሜነሽ።

«ታዲያ ልጣለው?» አለች እታገኘሁ። «እንስራው ጀርባዬን ልጦኛል።»

«ለምን?» አለ ሰጠኝ፤ መልሱ ኪሱ ውስጥ ነበረ።

«ወረቀቱን አይተኸዋል። 'ከቤትህ አንድ ሰው' ሲሉት መጀመሪያ አለሜን ሰጠ። እሱ ለጡሩንባው ያስፈልጋላ! ሐሙስ ምሳ ሳቀርብለት የታናሹን ልጄን የምስጋናውን ስም በእርሳስ እየጻፈ ነበር። እግሩ ላይ ወደቅኩ። 'ዝም በይ፣ እንዲያውም ስሙ እንዳይበላሽ ስፖንጅ አድርጌበታለሁ፤ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው' አለኝ። በልቶ ተኛ። ትራሱን ከሥሩ ሳብኩና ፊቱ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩበት። እስኪበቃው ተቀመጥኩ።»

«ይሄ ልጅስ?» ሰጠኝ ወደ ዲያቆኑ ጠቆመ። «ዛሬ ሊሞት ነበር። እሱም እናት አለችው።»

ዲያቆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። «እኔ አልጠራሁትም» አለች። «በገዛ እግሩ መጣ። ከመጣ ደግሞ፣ የኔ ከሚሄድ የሌላዋ ይሂድ አልኩ። ማርያምን፣ ነገም ቢሆን ይህንኑ እላለሁ።»

ዘውገ ከወንበሩ ተነሣ። ደስ ብሎታል፤ ነገር አለቀለት።

«ጥሩ ሠራህ፣ ሃምሳ አለቃ። ልጁን ልቀቁት። እሷን እሰሩ። እርምጃው አራት ሰዓት ላይ እንዳለ ነው።»

«ወልድያ ወስጄ ፍርድ ቤት ላቅርባት።»

«አብዮቱ ወልድያ አይሄድም።»

«እንግዲያው አሥራ ሁለተኛውን ስም ሰርዘው። የጻፈው ሟቹ ነው፤ ማኅተም የለውም።»

ዘውገ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ከኪሱ ማኅተሙን አወጣ፤ እፍ ብሎበት የእርሳሱ ጽሑፍ ላይ አሳረፈው። «አሁን አለው» አለ። ከዚያ ዙሪያውን ተመለከተ። «አንባቢያችን ሞቷል። ፊደል የቆጠረ፣ ድምፁ የሚያምር ማን አለ?»

ዓይኑ ዲያቆኑ ላይ አረፈ። ልጁ ሰጠኝን አየው፤ ሰጠኝ አቀረቀረ። ለእምቢተኛ የእህል ማከማቻው በር ገና ክፍት ነበር።

አራት ሰዓት ላይ እታገኘሁን ከገበያው ዳር ካለው ወይራ ጋር አሠሯት። ጡሩንባው ተናገረ፤ ለስላሳ ነው፤ እንደ ቅዳሴ ዜማ ነው፤ አንዲት ፊደል አትጠፋም። ዲያቆኑ አንድ፣ ሁለት እያለ አሥራ አንዱን ስም ጠራ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ማልቀሱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያ «ምስጋናው» አለ።

«ውቤ እውነቱን ነው» አለች እታገኘሁ አጠገቧ ለቆመው ጠባቂ። «ጥርት ብሏል።»

ሰጠኝ በቅሎውን ወደ ኩልመስክ መንገድ አቀናና የማይሰማውን ግራ ጆሮውን ወደ ገበያው አዞረ። አልጠቀመውም፤ የጥይቱን ድምፅ ቀኙ ሰማው።